ሃምሳ ሎሚና የዴሊች ጫማ ሰፊዎች



በ2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ቦርድ ያወጣው መመሪያ፥ ለአገር ውስጥ ባለሀብት ተከልሎ የቆየውን የአስመጪነት፥ የላኪነት፥ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብትም ከፈተው። ከዚያ ወዲህ በጉዳዩ ላይ የሚጽፉና የሚናገሩ ሰዎች በሁለት ጎራ ተከፍለው ይታያሉ። የመጀመሪያዎቹ «በሩ ይከፈት፤ ሸማቹ ከጥቂት አስመጪዎችና አከፋፋዮች መዳፍ ይላቀቅ» ይላሉ። ሁለተኛዎቹ «በሩ ይዘጋ፤ የሰፈሩ ባለሱቅ በባዕድ ካፒታል ሊዋጥ ነው» ብለው ይሟገታሉ። ሁለቱም ወገኖች ሳይታወቃቸው በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ የበሩ ቁልፍ በመንግሥት እጅ ነው፤ ባለሱቁ ደግሞ ከበሩ ኋላ ቆሞ የሚፈረድለትን ወይም የሚፈረድበትን ይጠብቃል።

እኔ በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የምሻው ሁለቱም ጎራዎች የዘለሉትን ጥያቄ ነው። ባለሱቁ ራሱ ምን ማድረግ ይችላል? አንድ ኩንታል ስኳርና ሁለት ካርቶን ሳሙና በዱቤ እየወሰደ የሚሸጥ ሰው፥ በመርከብ ጭኖ በጥሬ ገንዘብ ከሚገዛ ድርጅት ጋር እንዴት ሊወዳደር ይችላል? ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም፤ አዲስም አይደለም። ከ175 ዓመታት በፊት በአንዲት ትንሽ የጀርመን ከተማ ተጠይቆ መልስ አግኝቶ ነበር። የመልሱ ጉዞ ድልም አለው፥ ውድቀትም አለው፥ ኀፍረትም አለው። ሦስቱም ይጠቅሙናልና እስኪ አብረን እንመልከተው።

የዴሊቹ ዳኛ

ዴሊች ከላይፕዚግ በስተሰሜን የምትገኝ፥ በዚያ ዘመን በፕሩሲያ ንጉሥ ግዛት ሥር የነበረች ከተማ ናት። ፍራንዝ ሄርማን ሹልትሰ እ.ኤ.አ. በ1808 በዚያች ከተማ ተወለደ። ሕግ ተምሮ በ1841 የዚያው አካባቢ ዳኛ ሆነ። በ1846 እና በ1847 አዝመራው ጠፍቶ ረኃብ በገባ ጊዜ ኮሚቴ አቋቁሞ፥ ገንዘብ አሰባስቦ፥ እህል በብዛት አስገዝቶና አስፈጭቶ፥ ለችግረኛው ዳቦ እየተጋገረ እንዲታደል አደረገ። ዳኛው የጅምላ ግዢን ጥቅም በተግባር የተማረው በዚያ የመከራ ወቅት ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

በ1848 አውሮፓን ያናወጠው አብዮት ሲፈነዳ የፕሩሲያ ብሔራዊ ጉባኤ አባል ሆኖ ተመረጠ። በጉባኤው ውስጥ ሹልትሰ የሚባሉ ብዙዎች ስለነበሩ መለያ እንዲሆነው የከተማውን ስም ከስሙ ጋር አጣመረ፤ በታሪክ ሹልትሰ-ዴሊች ተብሎ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ጉባኤው የእጅ ባለሙያዎችን አቤቱታ የሚመረምር ኮሚሽን ሲያቋቁም ሰብሳቢነቱ ለእርሱ ተሰጠ። ከየአቅጣጫው የጎረፉት አቤቱታዎች ከሺህ በላይ ነበሩ። የብዙዎቹ መንፈስ ዛሬ በእኛ ገበያ ከምንሰማው እሮሮ ብዙም አይርቅም፤ ፋብሪካው ገደለን፥ ትልቁ ነጋዴ አፈነን፥ ማንም እየተነሣ ሙያችንን ይነጥቀናል፥ የጥንቱ የሙያ ማኅበራት መብት ይመለስልን፥ መንግሥት በሩን ይዝጋልን የሚል ነበር።

ሹልትሰ-ዴሊች የደረሰበት መደምደሚያ ለአቤት ባዮቹ የሚጥም አልነበረም። ማሽኑና ባቡሩ፥ ከእነርሱም ጋር ትልቁ ካፒታል መጥተዋል፤ በአዋጅ የሚመልሳቸው የለም። ስለዚህ ትንሹ ባለሙያ ትልቁን ከመርገም ይልቅ ትልቁን ትልቅ ያደረገውን ነገር መርምሮ የራሱ ሊያደርገው ይገባል የሚል አቋም ያዘ።

በዚህ መካከል ንጉሡ ጉባኤውን ለመበተን ሲነሣ፥ ጉባኤው ሕዝቡ ግብር እንዳይከፍል ወሰነ። ሹልትሰ-ዴሊች በዚህ ምክንያት ተከስሶ በ1850 ነጻ ቢወጣም፥ መንግሥት ቂሙን አልተወለትም፤ ከትውልድ ከተማው አንሥቶ ወደ ፖዘን ጠቅላይ ግዛት አዛወረው። በ1851 ዳኝነቱን ተወ። ከዚያ በኋላ በሕይወቱ ሁሉ የመንግሥትን እጅ በጥርጣሬ ቢመለከት ያስገርማልን?

የቆዳው ሒሳብ

ዋናው ሥራ የተጀመረው በ1849 ነው። በዚያ ዓመት በዴሊች አናጢዎችና ጫማ ሰፊዎች የጥሬ ዕቃ መግዣ ማኅበራት አቋቋሙ። የጫማ ሰፊዎቹ ማኅበር 57 አባላት ነበሩት።

የሐሳቡን ኃይል ለመረዳት የአንድ ጫማ ሰፊን ኑሮ እናስብ። በእጁ ጥሬ ገንዘብ የለም። ለሁለት ወይም ለሦስት ጥንድ ጫማ የሚበቃ ቁራጭ ቆዳ ከቆዳ ነጋዴው በዱቤ ይወስዳል። ቆዳው በችርቻሮ ስለሆነ ውድ ነው። ዱቤ ስለሆነ ደግሞ ወለዱ በዋጋው ውስጥ ተሸሽጓል። ከሁሉ የከፋው፥ ባለዕዳ ስለሆነ አማርጦ የመግዛት ነጻነት የለውም፤ ነጋዴው ያቀረበለትን ይወስዳል። ባለፋብሪካው በአንጻሩ በጅምላና በእጅ በእጅ ገዝቶ ምርጡን ይለያል። እንግዲህ ጫማ ሰፊው ወስፌውን ከማንሣቱ በፊት፥ ቆዳ በገዛበት ሰዓት ተሸንፏል። በሙያው ከባለፋብሪካው ሠራተኛ ቢበልጥም ይህ ብልጫ አያድነውም።

መድኃኒቱ ቀላል ይመስላል። ሃምሳ ሰባቱ አንድ ላይ ይበደራሉ፤ ቆዳውን በጅምላ ገዝተው በአንድ መጋዘን ያኖራሉ፤ እያንዳንዱ አባል የሚፈልገውን ያህል በመግዣው ዋጋ ላይ ጥቂት ጭማሪ እየከፈለ ይወስዳል። ጭማሪው የብድሩን ወለድና የመጋዘኑን ወጪ ይሸፍናል፤ የተረፈው የማኅበሩ መጠባበቂያ ይሆናል። ሱቁ የየራሱ፥ ደንበኛው የየራሱ፥ ሙያው የየራሱ ሆኖ ይቀራል። የጋራ የሚሆነው ግዢው ብቻ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን የአባቶቻችንን ብሂል ጫማ ሰፊዎቹ ባያውቁትም በሥራ ተርጉመውታል።

ነገር ግን ቋጠሮው ሌላ ቦታ ነው። ድኻ ለሆኑ ሃምሳ ሰባት ሰዎች ማን ያበድራል? ሹልትሰ-ዴሊች በ1850 ባቋቋመው የብድር ማኅበር መጀመሪያ የሞከረው በባለጸጎች ችሮታ ላይ መመሥረትን ነበር። ልግስናው እየቀዘቀዘ ሲሄድ ማኅበሩም አብሮ ደከመ። በዚያው ዓመት በአቅራቢያዋ በአይለንቡርግ ከተማ የተቋቋመው ማኅበር ግን ሌላ መንገድ ይዞ ነበር፤ አባላቱ አንዱ ለሁሉ፥ ሁሉም ለአንዱ፥ ባላቸው ንብረት ሁሉ ያለ ገደብ ዋስ ሆነው ይበደሩ ነበር። ሹልትሰ-ዴሊች ይህን መንገድ ተቀብሎ በ1852 የዴሊቹን ማኅበር በአዲስ መልክ አቋቋመ።

ያልተገደበ ዋስትና ማለት እጅግ ከባድ ቃል ነው። ጎረቤትህ የወሰደውን ሳይከፍል ቢቀር የአንተ ቤት ይሸጣል ማለት ነው። ሆኖም የሥርዓቱ ጉልበት የመነጨው ከዚሁ ክብደት ነው። አበዳሪው ያበደረው በአንዱ ድኻ ንብረት ላይ ሳይሆን በሁሉም ቃል ላይ ተማምኖ ነው። አባላቱም አባል ሲቀበሉ መረመሩ፤ ሒሳብ ያዥ ሲመርጡ ተጠነቀቁ፤ መዝገቡ ተከፍቶ እንዲነበብ ጠየቁ። ዋስትናው ባይኖር ኖሮ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ በወረቀት ላይ በቀረ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ እውነት መሸፈን የለበትም። የብድር ማኅበራቱ በመላ ጀርመን ተስፋፍተው ዛሬ የሕዝብ ባንክ እየተባሉ የሚጠሩት ተቋማት መነሻ ሲሆኑ፥ የጥሬ ዕቃ መግዣ ማኅበራቱ የዚያን ያህል አልበዙም። ምክንያቱን ነጋዴ የሆነ ሰው ሁሉ በቀላሉ ይገምተዋል ብዬ አስባለሁ። ከባንክ ሲበደሩ ምስጢር ይጠበቃል። ከጋራ መጋዘን ሲገዙ ግን ማን ምን ያህል እንደወሰደ፥ የማን ሥራ እንደደራና የማን እንደቀዘቀዘ ተፎካካሪው ሁሉ ያውቃል። አብሮ የመግዛት ትልቁ ጠላት ሁልጊዜ ከውጭ የሚመጣ አይደለም፤ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ባለሱቆች አንዱ ሌላውን የሚያይበት ዓይንም ነው።

ሁለት ፖለቲከኞች፥ አንድ ጥያቄ

ሐሳቡ በተስፋፋ ቁጥር ፖለቲካው መግባቱ አልቀረም። በ1863 ፈርዲናንድ ላሳል በላይፕዚግ የጀርመንን ጠቅላላ የሠራተኞች ማኅበር መሠረተ፤ ይህ ማኅበር ለኋለኛው የሶሻል ዴሞክራቶች ፓርቲ መነሻ ከሆኑት አንዱ ነው። ላሳል የሹልትሰ-ዴሊችን መንገድ አጥብቆ ነቀፈ፤ በ1864ም በስሙ የሚሳለቅ ርእስ የሰጠው መጽሐፍ አሳተመበት። ክርክሩ በአጭሩ ይህ ነበር፦ ምንም የሌለው ሰው ምንም ከሌለው ሰው ጋር ቢደመር ያው ምንም ነው፤ ስለዚህ መንግሥት ካፒታሉን ያበድር፥ ሠራተኛውም የራሱን ማምረቻ ያቋቁም። ላሳል ለዚህ ዓላማው ከፕሩሲያው ጠቅላይ ሚኒስትር ከቢስማርክ ጋር በምስጢር እስከመገናኘት ደርሷል።

ሹልትሰ-ዴሊች በበኩሉ መንግሥት ገንዘቡን የሰጠ ቀን ደንቡንም ይጽፋል፥ ሹሙንም ይመርጣል ብሎ ይፈራ ነበር። ከመንግሥት የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማኅበራቱ በስማቸው የሚዋዋሉበት፥ የሚከሱበትና የሚከሰሱበት ሕጋዊ ሰውነት። ይህንንም በ1867 በፕሩሲያ ሕግ አስወጣ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሕጉ በመላው የሰሜን ጀርመን ፌዴሬሽን ጸደቀ።

ከሁለቱ ማን ትክክል ነበር? ለሁለቱም የሚገባቸውን ልስጥ። ከእጅ ወደ አፍ ለሚኖር የፋብሪካ ሠራተኛ የሹልትሰ-ዴሊች መንገድ ብዙም አልፈየደም፤ በዚህ ላሳል እውነት ነበረው። ሱቅና ሙያ ላለው፥ ጥቂትም ቢሆን ሊቆጥብ ለሚችል ሰው ግን ያዋጣው የዳኛው መንገድ ነው። የእኛ ባለሱቅ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚመስል አንባቢ ይፍረድ።

ሃያ አንድ የበርሊን ነጋዴዎች

ሹልትሰ-ዴሊች በ1883 ዐረፈ። በ1889 የወጣው አዲስ የኅብረት ሥራ ሕግ ሦስት ነገሮችን አመጣ፤ ዋስትናው በተወሰነ መጠን እንዲገደብ ፈቀደ፥ የማኅበራት ማኅበር እንዲቋቋም በር ከፈተ፥ እያንዳንዱ ማኅበር ሒሳቡን በውጭ መርማሪ እንዲያስመረምር አስገደደ። ዕዳውን ብቻ የሚፈራ ነጋዴ አሁን ሊገባ የሚችልበት መንገድ ተገኘ።

በዚያ ዘመን የጀርመን ከተሞች ባለሱቅ በሦስት አቅጣጫ ተከቦ ነበር። በአንድ በኩል እንደ ቬርትሃይምና ቲትስ ያሉት ታላላቅ መደብሮች፥ በሌላ በኩል በየከተማው ቅርንጫፍ የሚከፍቱ ኩባንያዎች፥ በሦስተኛው በኩል ሠራተኞች ራሳቸው ያቋቋሟቸው የሸማቾች ማኅበራት ነበሩ። ሦስቱም በጅምላ ይገዙ ነበር።

በ1898 በበርሊን፥ የሃሌ በር በሚባለው ሰፈር፥ 21 ባለሱቆች ተሰባስበው የግዢ ማኅበር አቋቋሙ። የሚሸጡት ቡና፥ ሻይ፥ ስኳር፥ ሩዝ፥ ቅመምና ይህን የመሰለ ነበር፤ በዚያ ዘመን አነጋገር «የቅኝ ግዛት ሸቀጥ» ይባላል። ሸቀጡ ያን ስም ያገኘው ከማን ላብ ተጭኖ እንደመጣ ስለሚያመለክት ነው፤ እነዚያ ትንንሽ ነጋዴዎችም በዓለም ገበያ ውስጥ የማን ጥቅም ተካፋዮች እንደነበሩ ማስታወስ ተገቢ ይመስለኛል። በ1907 በየከተማው የተቋቋሙ መሰል ማኅበራት ፍሪትስ ቦርማንና ካርል ቢለር በሚባሉ ሰዎች መሪነት አንድ የጋራ ኅብረት መሠረቱ። በ1911 ረጅሙ ስማቸው ከፊደላቱ አነባበብ ተወስዶ «ኤዴካ» ሆነ። በ1914 የራሳቸውን ባንክ ከፈቱ።

አወቃቀሩን ልብ በሉ። ባለሱቁ የአካባቢው ማኅበር አባል ነው፤ የአካባቢዎቹ ማኅበራት ደግሞ የማዕከሉ ባለቤቶች ናቸው። ማዕከሉ ከአምራቾች ጋር ይደራደራል፥ በጅምላ ይገዛል። ሥልጣኑ በመርሕ ደረጃ ከታች ወደ ላይ ይወጣል፤ ሸቀጡ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል።

ፍርሃት ሲነግድበት

አሁን ወደ ኀፍረቱ ምዕራፍ እንግባ። የተጨነቀ ባለሱቅ ለፖለቲከኛ የተመቸ ሰው ነው። የናዚ ፓርቲ በ1920 ባወጣው ፕሮግራሙ አንቀጽ 16 ላይ ታላላቆቹ መደብሮች ተወርሰው ለትንንሽ ነጋዴዎች በርካሽ እንዲከራዩ እናደርጋለን ብሎ ነበር። ከእነዚያ መደብሮች ብዙዎቹ የአይሁድ ቤተሰቦች ስለነበሩ የገበያው ብሶት በቀላሉ ወደ ዘር ጥላቻ ተለወጠ። ናዚዎች ሥልጣን በያዙበት በ1933 አዲስ የችርቻሮ ሱቅ መክፈትን የሚገድብ ሕግ ወጣ። ለብዙ ባለሱቅ በሩ በመጨረሻ የተዘጋለት መሰለው።

ምን ተገኘበት? በዚያው ዓመት የኤዴካ አመራር እንደ ሌሎቹ ማኅበራት ሁሉ ከአገዛዙ ጋር እንዲሰለፍ ተደረገ፤ ብዙም አልተቃወመም። ጥቂት ባለሱቆች በነጻ ፈቃዳቸው የመሠረቱት ቤት የአንድ አምባገነን መንግሥት የዕቃ ማከፋፈያ መሣሪያ ሆነ። የሠራተኞቹ የሸማቾች ማኅበራት ደግሞ በ1941 ፈርሰው ንብረታቸው ለፓርቲው የሠራተኞች ድርጅት ተላለፈ። አይሁዳውያኑ ነጋዴዎች ከንግዱም፥ ከአገሩም፥ ብዙዎቹም ከሕይወት ተነቀሉ።

ይህን የምጽፈው የሩቅ አገር ኃጢአት ለመቁጠር አይደለም። በእኛም አገር የኑሮ ውድነት በጠነከረ ቁጥር የአንድ አካባቢ ወይም የአንድ ብሔረሰብ ነጋዴ ላይ ጣት ሲቀሰር እናያለን። «ስግብግብ ነጋዴ» የሚለው ቃል ከአንድ አገዛዝ ወደ ሌላው እየተወረሰ መጥቷል። ነጋዴውን በዘሩ እየለየ የሚያጠቃም ሆነ የሚከላከል ፖለቲካ የጋራ መጋዘኑን መሠረት ይንዳል፤ መጋዘኑ የቆመው ሰው ጎረቤቱን በቃሉ በማመኑ ላይ ነውና።

ትንንሾቹ ሲገዝፉ

ከጦርነቱ በኋላ ኤዴካ እንደገና ተነሣ። ዛሬ በጀርመን ምግብ በመቸርቸር የሚወዳደረው የለም፤ ማዕከሉ በሐምቡርግ ሲሆን ከ3,000 የሚበልጡ የራሳቸው ሱቅ ያላቸው ነጋዴዎች አሉት። በ1927 በተመሳሳይ መንገድ በኮሎኝ የተጀመረው ሬቨም ከታላላቆቹ አንዱ ነው። የጀርመንን የምግብ ችርቻሮ ከአምስት እጅ አራቱን በላይ ከያዙት አራት ቡድኖች ሁለቱ የትንንሽ ባለሱቆች መሰባሰብ የወለዳቸው ናቸው። በ2022 ኤዴካ ከኮካ ኮላ ጋር በዋጋ ጭማሪ ምክንያት ተጋጭቶ ጉዳዩ ሐምቡርግ ፍርድ ቤት ደርሷል። ከሃሌ በር የተነሣ የባለሱቆች ማኅበር ከዓለም አቀፍ ኩባንያ ጋር ትከሻ ለትከሻ ሲገፋፋ ማየት «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያሰኛል።

ይሁንና ድሉን ስንቆጥር ኪሳራውንም እንቁጠር። የዛሬው የኤዴካ ነጋዴ ብዙ ሠራተኛ የሚያስተዳድር የሱፐርማርኬት ባለቤት እንጂ የጥንቱ የጥግ ሱቅ ባለቤት አይደለም። ራስን በራስ ማስተናገድ ከመጣ ወዲህ ትንንሾቹ ሱቆች በብዛት ተዘግተዋል። ከ2005 ጀምሮ ማዕከሉ ኔቶ የተባለውን የርካሽ ሱቆች ሰንሰለት ይዟል፤ አባሉ በሚሠራበት ጎዳና ላይ የገዛ ማኅበሩ ድርጅት ይፎካከረዋል። በ2015 የፌዴራሉ የውድድር ባለሥልጣን ኤዴካ አንድ የሱፐርማርኬት ሰንሰለት እንዳይጠቀልል ከለከለ፤ በ2016 የኢኮኖሚ ሚኒስትሩ ዚግማር ጋብሪኤል ፈቀዱ፤ በዚያው ዓመት የዱሰልዶርፍ ፍርድ ቤት ፈቃዱን አገደ፤ በመጨረሻ ሱቆቹን ከሬቨ ጋር በመካፈል ተቋጨ። የገበያውን ሚዛን ያዛባል ተብሎ የተፈራው ድርጅት በ1898 የገበያው ሚዛን ያስጨነቃቸው ሰዎች ልጅ መሆኑን ልብ ይሏል።

እንግዲህ አብሮ መግዛት ምን ያድናል? ሁሉንም ሱቅ አያድንም። ያዳነው ባለቤትነትን ነው። በዚያ አገር ዛሬም በሺህ የሚቆጠሩ ነጋዴዎች የራሳቸውን ሱቅ ለልጃቸው ያወርሳሉ እንጂ የሌላ ሰው ኩባንያ ቅጥረኞች አልሆኑም። ይህ ትንሽ ነገር ነው የሚል ካለ፥ ሱቁን ተነጥቆ ወደ ቅጥር የገባ ሰው ያገኝና ይጠይቀው።

ወደ እኛ ስንመለስ

የእኛ ነጋዴ ስለ መተባበር ትምህርት አያሻውም። እቁብ አለው። በእቁብ ውስጥ ዳኛ አለ፥ ጸሐፊ አለ፥ ዕጣ የደረሰው ሰው ገንዘቡን ከመውሰዱ በፊት የሚያቀርበው ዋስ አለ። የአይለንቡርግ ሰዎች በ1850 በወረቀት የጻፉት የዋስትና ጥበብ በእኛ ባህል ያለ ወረቀት ሲሠራበት ኖሯል። መርካቶ ጣሊያን በወረራው ዘመን ገበያውን ከአራዳ አንሥቶ ወደ አዲስ ከተማ ካዛወረ ወዲህ የበለጸገው በዚህ መተማመን ነው። የመርካቶ ነጋዴዎች በአክሲዮን ተሰባስበው የንግድ ሕንፃዎችን ገንብተዋል።

ታዲያ የጎደለው ምንድን ነው? እቁብ ዙሩ ሲያልቅ ይበተናል። እያንዳንዱ የራሱን ገንዘብ ተራ በተራ ይወስዳል፤ በስሙ የሚገዛ፥ የሚዋዋል፥ የሚደራደር አካል ኋላው አይቀርም። አክሲዮኑም ግድግዳውን የጋራ አደረገ እንጂ ሸቀጡን አይደለም። በአንድ ሕንፃ ውስጥ አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ሃምሳ ሰዎች ከአንዱ አከፋፋይ ደጅ ሃምሳ ጊዜ ይቆማሉ፤ አከፋፋዩም ለሃምሳዎቹ ሃምሳ ዋጋ ይነግራል። በምሳሌ ልናገር፤ ሃያ ባለሱቆች እያንዳንዳቸው በሳምንት አምስት ኩንታል ስኳር ቢሸጡ፥ በተናጠል አምስት ኩንታል የሚለምኑ ሃያ ሰዎች ናቸው፤ በአንድነት ግን መቶ ኩንታል የሚገዛ አንድ ደንበኛ ይሆናሉ። ያ ደንበኛ የሚነገረው ዋጋ ሌላ ነው።

ማኅበር የሚለው ቃል ራሱ ጠባሳ እንዳለበትም አውቃለሁ። ደርግ በ1967 ዓ.ም. የማምረቻና የንግድ ድርጅቶችን ከወረሰ በኋላ፥ በ1970 ዓ.ም. የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 138ን አወጣ። ማኅበር ከላይ በትእዛዝ መጣ፤ የዕቃ ማከፋፈያውን ምደባ እየተከተለ፥ የቀበሌ ሱቅ ስኳር በራሽን ሲያድል ያደገ ትውልድ «ማኅበር» ሲባል ሰልፍ ትዝ ቢለው አይፈረድበትም። በ1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 147፥ ኋላም በ2009 ዓ.ም. የተተካበት አዋጅ ቁጥር 985፥ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ማኅበርን ያውቃሉ። ገበሬዎቻችን በዚህ መንገድ ሄደዋል፤ በ1991 ዓ.ም. የተቋቋመው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ቡናውን በቀጥታ ወደ ውጭ ገበያ ልኳል። በከተማ ደግሞ የሸማቾች ማኅበራት አሉ። ስማቸው ጎልቶ የሚሰማው እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ባለሱቅ ግን ከሁለቱም ማዕድ የለም።

መንግሥት ይህን ክፍተት በራሱ እጅ ለመሙላት ሞክሯል። በ2003 ዓ.ም. በበርካታ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ አወጣ፤ ዕቃው ከገበያ ሲሰወር በወራት ውስጥ አነሣው። በ2000ዎቹ ዓ.ም. «አለ በጅምላ»ን ከፍቶ ለቸርቻሪው በጅምላ እናቅርብ አለ። ዓላማውን አልነቅፍም። ነገር ግን ባለሱቁ በዚያ መጋዘን ውስጥ ደንበኛ እንጂ ባለቤት አልነበረም፤ የሚገዛውን አልመረጠም፥ ሒሳቡን አልመረመረም፥ ሥራ አስኪያጁን አልሾመም። ላሳል የጠየቀውን ብናገኝም ሹልትሰ-ዴሊች የፈራው አብሮ መጣ።

ስለዚህ ከዴሊች እስከ በርሊን ከተጓዝነው የምወስደው ይህ ነው። ባለሱቆች በአንድ ተራ፥ በአንድ ዓይነት ሸቀጥ፥ በሚተዋወቁ ሰዎች ይጀምሩ፤ ሃያ አንድ ሰው በቅቶ ነበር። እቁቡን አያፍርሱት፤ ከእያንዳንዱ ዙር ጥቂት እያስቀሩ የማይበተን የግዢ ገንዘብ ያድርጉት። መዝገባቸው በማያውቁት ሰው ይመርመር፤ የጀርመኑ ሕግ ይህን ያስገደደው ጀርመኖች እርስ በርስ ስለማይተማመኑ ሳይሆን መተማመን በምርመራ ስለሚጠነክር ነው። አባልን በብሔሩ ወይም በትውልድ መንደሩ የሚመርጥ ማኅበር በመጀመሪያው ማዕበል እንደሚሰጥም ይወቁ። ሲያድጉም ማዕከሉ የአባላቱ ተፎካካሪ እንዳይሆን ገና ትንሽ ሳሉ በደንባቸው ይጻፉት፤ ከገዘፉ በኋላ ማን ይሰማቸዋል?

ከመንግሥት የምጠብቀው ጥቂት ነው፤ ፈጥኖ ይመዝግባቸው፥ ግብሩን በግልጽ ደንብ ያስከፍላቸው፥ ሊቀ መንበራቸውን አይምረጥላቸው። ለባለሱቁ ደግሞ አንድ ጥያቄ ትቼለት ልሰናበት። በሩ ተከፍቷል፤ የውጭው ነጋዴ ዛሬም ይምጣ ነገ መምጣቱ አይቀርም። በዚያን ቀን አከፋፋዩ ደጅ የምትቆመው ብቻህን ነው ወይስ ዛሬ እንደ ባላንጣ ከምታየው ከጎረቤትህ ጋር?

በቸር ይግጠመን።